ዓባይ የወሰዳት ቀጭኔ

በፈረንሣይ ምዕራባዊ ጠረፍ፣ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ዳር፣ ላ ሮሼል የምትባል ጥንታዊ የወደብ ከተማ አለች። የአሌክሳንደር ዱማን «ሦስቱ ሙስኬተሮች» ያነበበ ሰው ከተማይቱን ያስታውሳታል። እነ ዳርታኛን ከንጉሡ ሠራዊት ጋር ሆነው የከበቧት፣ በ1627 እና በ1628 በረሃብ የተፈተነችው ከተማ ይህችው ናት። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በዚህች ከተማ፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ተሠርቶ የአገረ ገዥው መኖሪያ በነበረ ቤት ውስጥ፣ ከጀርባው የአትክልት ስፍራ ያለው አንድ የተፈጥሮ ታሪክ ቤተ መዘክር ይገኛል። ከፓሪሱ ታላቅ ቤተ መዘክር ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው። ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ ከታደሰ በኋላ በ2007 በሩን እንደገና ከፍቷል።

የቤተ መዘክሩ መነሻ የአንድ ሰው ፍቅር ነው። ክሌማን ላፋይ የሚባል የንጉሥ ሹም ዛጎልና ድንጋይ፣ የባሕር ፍጥረትና የሩቅ አገር ብርቅ ነገር ሲሰበስብ ኖረ። በ1770 ስብስቡን ለከተማይቱ አካዳሚ ተናዘዘ፤ በ1782 ሲሞትም ኑዛዜው ተፈጸመ። ዛሬ የላፋይ ክፍል ከነቁም ሣጥኖቹ እንደ ጥንቱ ተጠብቆ ይታያል። በዚያ ዘመን ሰው ዓለምን ሊያውቅ ሲመኝ ዓለምን ከፋፍሎ በመሳቢያ ውስጥ ያስቀምጥ ነበር። ዛጎሉ በዛጎል ረድፍ፣ ድንጋዩ በድንጋይ ረድፍ ይደረደራል፤ በላዩም የሊቃውንቱ ስያሜ ይጻፍበታል።

እኔን ወደዚህ ቤት የሳበኝ ግን በመሳቢያ ውስጥ ያለው ዛጎል አይደለም። በደረጃው ላይ የቆመች አንዲት ቀጭኔ ናት። በመሳቢያ አትገባ፣ በቁም ሣጥን አትያዝ፤ የአገረ ገዥው ቤት ጣሪያ የሚበቃት በደረጃው መተላለፊያ ላይ ብቻ ነው። ከሞተች 180 ዓመት አልፏታል። ቆዳዋ ተሞልቶ፣ አንገቷ እንደ ቀና፣ ወደ ላይ የሚወጣውንና ወደ ታች የሚወርደውን ጎብኚ እያየች ትኖራለች። ፈረንሣውያን ዘራፋ ይሏታል። ዘራፋ በዐረብኛ ቀጭኔ ማለት ነው። ይህ ስም የተሰጣት ከሞተች ከ100 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው እንጂ በሕይወት ሳለች የምትጠራው «የንጉሡ ውብ እንስሳ» እየተባለች ነበር።

«ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ይላል ያገራችን ሰው። የዚህችን ቀጭኔ ታሪክ ባነበብሁ ቁጥር ይህ ተረት ወደ አእምሮዬ ይመጣል። ከግንዱ አንዱ እርሷ ናትና። የተያዘችው በስናር አካባቢ፣ ከጣና የሚነሣው ዓባይ ከኢትዮጵያ ደጋ ወርዶ ሜዳውን በሚያጠጣበት አገር ነው። ስናር ለጎንደር ነገሥታት ባዕድ ስም አልነበረም። በ1744 ዳግማዊ ኢያሱ ጦር ይዘው የዘመቱትና የተሸነፉት በስናር በነገሡት በፉንጆች ላይ ነው። ይህ መንግሥት በ1821 በግብጹ ገዥ በመሐመድ ዓሊ ፓሻ ሠራዊት እጅ ወደቀ። ከሦስት ዓመት በኋላ ገደማ አዳኞች አንዲት እናት ቀጭኔ ገድለው ግልገሎች ማረኩ። ከግልገሎቹ አንዷ የእኛዋ ቀጭኔ ናት።

ግልገሏ በግመል ጀርባ ተጭና ካርቱም ደረሰች። ካርቱም ያን ጊዜ ከተማ ሳትሆን ገና የተቆረቆረች የጦር ሰፈር ነበረች። ከዚያ በጀልባ ዓባይን ተከትላ ወደ እስክንድርያ ወረደች። ቀጭኔዎቹ በፓሻው ዘንድ እጅ መንሻ ሆኑ፤ አንዷ ለፈረንሣይ ንጉሥ ለሻርል 10ኛ፣ ሌላዋ ለእንግሊዝ ንጉሥ ለጆርጅ 4ኛ ተመደቡ። ቆይቶም ለኦስትሪያ ንጉሠ ነገሥት ሌላ ቀጭኔ ተላከ። የፈረንሣይ ንጉሥ ድርሻ ጠንካራዋ ነበረች። ለእንግሊዝ የተላከችው ሁለት ዓመት ያህል ኖራ ሞተች፤ የኦስትሪያዋም ዓመት አልሞላትም።

መርከቡ ላይ አንገቷ የሚወጣበት ቀዳዳ በወለሉ ተከፍቶላት፣ ለወተቷ ላሞች ተጭነውላት፣ በአንገቷ የቁርዓን ጥቅስ ያለበት ክታብ ታስሮላት፣ በጥቅምት 1826 ማርሴይ ደረሰች። ክረምቱን በዚያው ከርማ በግንቦት 20 ቀን 1827 ወደ ፓሪስ መንገድ ጀመረች፤ በእግሯ። ሊወስዳት የመጣው ታላቁ የእንስሳት ሊቅ ኤትየን ዦፍሯ ሳን ኢሌር ነበር። ሊቁ ወጣት ሳለ ከናፖሊዮን ዘመቻ ጋር ግብጽ ደርሶ የተመለሰ ሰው ነው። አሁን 55 ዓመቱ ነበር፤ ቁርጥማት ያሠቃየዋል። ከብርድና ከዝናብ እንዲጠብቃት የፈረንሣይ ንጉሥና የፓሻው ምልክት ያለበት ልብስ አሰፋላት። ከፊት ላሞቹ፣ ከኋላ ቀጭኔዋና ጠባቂዎቿ፣ ከጎንም ሕዝቡን የሚከላከሉ ፈረሰኞች ሆነው 880 ኪሎ ሜትር ያህል ተጓዙ። በሊዮን 30 ሺህ ያህል ሰው ሊያያት ወጣ። በ41ኛው ቀን፣ በሰኔ 30፣ ፓሪስ ገባች። በሐምሌ 9 ቀን በሳን ክሉ ቤተ መንግሥት ለንጉሡ ቀረበች፤ ንጉሡም የጽጌረዳ አበባ በእጁ አበላት ይባላል።

በዚያ በጋ 100 ሺህ ያህል ሰው አያት። የሴቶች ጸጉር እንደ ቀጭኔ ቀንድ ወደ ላይ ተሠራ። ሸክላው፣ ጨርቁ፣ የግድግዳው ወረቀት፣ ሁሉም የእርሷ መልክ ተሣለበት። ባልዛክ ሳይቀር ስለ እርሷ የሹፈት ጽሑፍ ጻፈ። ሦስት ዓመት ሳይቆይ ግን ሕዝቡ ረሳት።

የዚህ ሁሉ ሽርጉድ ምክንያት ምን ነበር? ያን ጊዜ ግሪኮች በኦቶማን መንግሥት ላይ ተነሥተው ስለ ነጻነታቸው ይዋጉ ነበር። መሐመድ ዓሊ ሱልጣኑን ለመርዳት ልጁን ኢብራሂምን ከነሠራዊቱ ወደ ግሪክ ልኳል። የአውሮፓ ሕዝብ ልብ ግን ከግሪኮች ጋር ነበር። በግብጽ የፈረንሣይ ቆንስል የነበረው ቤርናርዲኖ ድሮቬቲ ፓሻውን የመከረው በዚህ ጊዜ ነው። የፈረንሣይን ንጉሥ ልብ ለማለዘብ እንዲህ ያለ ብርቅ እጅ መንሻ ይላክ ተባለ። እጅ መንሻው ከንጉሡ ፊት በቀረበ በሦስተኛው ወር፣ በጥቅምት 20 ቀን 1827፣ የፈረንሣይ፣ የእንግሊዝና የሩሲያ መርከቦች በናቫሪኖ ወደብ የግብጽንና የኦቶማንን የባሕር ኃይል አወደሙት። በ1830 ደግሞ ጽጌረዳውን ያበላት ንጉሥ ራሱ ከዙፋኑ ተባረረ። ሰጪው ያሰበውን አላገኘም፤ ተቀባዩም በተቀበለው አልዳነም። ቀጭኔዋ ግን ከሁለቱም ሐሳብ ተርፋ ፓሪስ ውስጥ ሣር ቅጠሏን እየበላች 17 ዓመት ተኩል ኖረች።

ቀጭኔን ለንጉሥ መስጠት በመሐመድ ዓሊ አልተጀመረም። በ1487 የግብጹ ሱልጣን ቃይትባይ ለፍሎረንሱ ሎሬንዞ ደ ሜዲቺ ቀጭኔ ልኮ ነበር። የእኛ ዘመዶች ነገር ግን ከዚህም ይቀድማል። ሄሊዮዶሮስ የተባለ የግሪክኛ ደራሲ በጥንት ዘመን «አይቲዮፒካ» በተሰኘው ልብ ወለዱ መጨረሻ ላይ የአክሱም መልእክተኞችን ወደ መርዌ ንጉሥ ወደ ሂዳስጴስ ፊት ያቀርባቸዋል። ሌሎቹ ወርቅና ሐር ሲያቀርቡ አክሱማውያን ያመጡት ቀጭኔ ነው። አውሬው ብቅ ሲል ለመሥዋዕት የቀረቡት በሬና ፈረሶች ደንግጠው ገመዳቸውን በጠሱ፤ የልብ ወለዱ ጀግናም ጉብዝናውን ያሳየው ይህን ግርግር ተከትሎ ነው። ይህ የደራሲ ፈጠራ ነው። ነገር ግን አክሱምን ለመሳል ከእንስሳት ሁሉ ቀጭኔን መምረጡ የአገራችን ስም በሩቅ ሰዎች ጆሮ ከምን ጋር ይሰማ እንደ ነበር ያሳየናል።

በ6ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ኮስማስ የሚባል ነጋዴ ያየውን ጻፈልን። ኮስማስ ዐጼ ካሌብ ወደ ሒምያር ለመዝመት ሲዘጋጁ በአዱሊስ የነበረ ሰው ነው። ቀጭኔ በኢትዮጵያ እንደሚገኝ፣ በንጉሡም ቤተ መንግሥት በትንሽነታቸው ተይዘው የለመዱ አንድ ሁለት ቀጭኔዎች ለንጉሡ መደሰቻ እንደሚጠበቁ ይነግረናል። ወተት ወይም ውሃ በሳሕን ሲቀርብላቸው እግራቸው ረጅም፣ ደረታቸው ከፍ ያለ ስለ ሆነ የፊት እግሮቻቸውን ፈርከክ ካላደረጉ ዝቅ ብለው መጠጣት አይችሉም ይላል። ይህን ሳነብ የማርሴይዋ ግልገልና ላሞቿ ይታዩኛል። ከአክሱም እስከ ፓሪስ 1300 ዓመት አለ። ወተቱ ግን ያው ወተት ነው፤ ፈርከክታዋም ያው ነው። በቤተ መንግሥት ግቢ የቆመው የቀጭኔ ግልገል ከእናቱ በኋላ ያለው ሕይወት በሁለቱም ዘመን በሰው እጅ ወተት ይጀምራል።

እዚህ ላይ ስለ እነዚያ እጆች መናገር ይገባል። ቀጭኔዋ ከአፍሪካ ስትወጣ ብቻዋን አልወጣችም፤ ሐሰንና አቲር የሚባሉ ጠባቂዎች አብረዋት ተሻገሩ። አቲር ሱዳናዊ ነበር፤ ፓሪስ ላይም ከእርሷ ጋር ቀረ። በቀጭኔዋ ማደሪያ ውስጥ፣ ከራሷ ትይዩ በሆነ ቆጥ ላይ በመሰላል እየወጣ ያድር ነበር። ቀን ቀን በጎብኚዎች ፊት በረጅም እንጨት ጫፍ በታሰረ መፋቂያ ጸጉሯን ያበጥርላታል። አገሩን የለቀቀ ሰውና አገሯን የለቀቀች አውሬ በአንድ ጣሪያ ሥር አደሩ። ለፓሪስ ሰው ሁለቱም ትዕይንት ነበሩ። እርስ በርሳቸው ግን ምን እንደ ነበሩ ለማሰብ ያህል፣ ስደት ያየ ሰው መጽሐፍ አያሻውም። በአካባቢው ሁሉ የስናርን ሜዳ ሽታ የሚያውቁት እነርሱ ሁለቱ ብቻ ነበሩ።

ቀጭኔዋ በጥር 12 ቀን 1845 ሞተች። ቆዳዋ ተሞልቶ በፓሪስ ቆየ፤ በ1931 ወደ ላ ሮሼል ተሰጠ። እነሆ ዛሬ በአገረ ገዥው ቤት ደረጃ ላይ ቆማለች። አቲር ግን ከጎኗ የለም። ቤተ መዘክር የሚያስቀምጠው ቆዳን፣ አጥንትንና ዛጎልን ነው። ወተቱን የቀዳው፣ ገመዱን የያዘው፣ መሰላሉን የወጣው እጅ በመስታወት ውስጥ አይቀመጥም። የተፈጥሮ ታሪክ ቤተ መዘክርን በምናነብበት ጊዜ የጎደለው ገጽ ይህ ይመስለኛል። ከእያንዳንዱ እንስሳ ኋላ የተሄደ መንገድ አለ፤ ከመንገዱም ላይ ሰዎች አሉ።

የዚህች ቀጭኔ መንገድ ደግሞ ንጹሕ መንገድ አልነበረም። መሐመድ ዓሊ ስናርን የያዘው ወርቅ ፍለጋና ከሁሉ በላይ ለሠራዊቱ የሚሆኑ ባሮች ፍለጋ ነው። ግልገሏ ዓባይን ተከትላ በወረደችባቸው ዓመታት፣ ከስናርና ከዙሪያው የተነዱ ሰዎችም ወደ ግብጽ ይወርዱ ነበር። ለእርሷ ላሞች ተገዝተውላታል፤ ልብስ ተሰፍቶላታል፤ የዘመኑ ጋዜጦች ጉዞዋን ተከታትለዋል። ለእነዚያ ሰዎች ግን ይህ ሁሉ አልሆነላቸውም። ማረፊያዋ የሆነችው ላ ሮሼልም ብትሆን ሀብቷን ካገኘችባቸው መንገዶች አንዱ ይኸው ንግድ ነው። ከዚህ ወደብ ከ400 በላይ የባሪያ ንግድ ጉዞዎች ወጥተዋል፤ ከፈረንሣይ ወደቦች ሁሉ በዚህ የሚበልጧት ጥቂት ናቸው። ላፋይ ዛጎሎቹን በመሳቢያ ሲደረድር በመስኮቱ ማዶ የነበረው ከተማ ይህ ነበር። ከተማይቱ ይህን አልሸሸገችውም። በ1982 የአዲሱ ዓለም ቤተ መዘክር ብላ በአንድ ባለጸጋ ቤተሰብ አሮጌ መኖሪያ ውስጥ የከፈተችው ቤት ይህንኑ ታሪክ ይናገራል። ሁለቱ ቤተ መዘክሮች በአንድ ከተማ መኖራቸው ደግ ነው፤ አንዱ ያልተናገረውን ሌላው ይሞላዋልና። የደረጃዋ ቀጭኔ ግን ለሁለቱም ትሆን ነበር።

ይህን ስል ቀጭኔዋ ትውረድ፣ ቤቱም ይዘጋ ማለቴ አይደለም። እንዲያውም ትንሽ ቤት ለእንዲህ ያለው ታሪክ ይስማማዋል። በታላቅ ቤተ መዘክር ውስጥ ቀጭኔ ከብዙ እንስሳት አንዷ ናት፤ ጎብኚው ቆጥሯት ያልፋል። በላ ሮሼል ግን የቤቱን ደረጃ ሞልታ ስለምትቆም ሳያዩአት ማለፍ አይቻልም። አንድ ሕፃን ቀና ብሎ አይቷት «ይህች ከየት መጣች?» ቢል፣ መልሱ ከደረጃው ተነሥቶ ፓሪስን፣ ማርሴይን፣ እስክንድርያንና ካርቱምን አልፎ ስናር ይደርሳል። እኛ ደግሞ ከስናር ወዲያ ጉዞውን ልንቀጥልለት እንችላለን፤ ወንዙ ወደሚነሣበት ወደ ጣና።

ስዊድናዊው ሊቅ ሊኔዎስ በ1758 ለፍጥረት ሁሉ ስም ሲያወጣ ቀጭኔን በዐይኑ አላያትም ነበር። ከአጋዘን ወገን ቆጠራት፤ መኖሪያዋንም «ኢትዮጵያ፣ ስናር» ብሎ ጻፈ። የእርሱ ኢትዮጵያ የጥንቶቹ ደራስያን ሰፊ ኢትዮጵያ ናት፤ የዛሬውን ድንበር አታውቅም። ያም ሆኖ አልተሳሳተም። የኑብያ ቀጭኔ የሚባለው፣ የላ ሮሼሏ ቀጭኔ ወገን የሆነው ዝርያ ዛሬም በጋምቤላ ብሔራዊ ፓርክ በጥቂት ቁጥር ይኖራል። በ2018 ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ይህን ዝርያ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት መካከል መዝግቦታል። በስናር ሜዳማ አካባቢ ሲታይ የነበረው እንስሳ ከዚያ አገር ጠፍቷል።

እኛ ለዚህ እንስሳ ስም ያለን ሕዝብ ነን። ግዕዝ ዘራት ይለዋል፤ ከዐረብኛው ዘራፋ ጋር የሚዛመድ ቃል ነው። አማርኛ ቁመናውን አይቶ ቀጭኔ አለው። ነጋዴው ኮስማስ ባየው ጊዜ በነገሥታት ግቢያችን ቆሞ ወተት ይጠጣ ነበር፤ ልብ ወለድ ጸሐፊው ሲያስበው በመልእክተኞቻችን እጅ ተጎትቶ ይመጣ ነበር። ቃሉ በመዝገበ ቃላት፣ ቆዳው በላ ሮሼል ደረጃ ላይ ተጠብቋል። ሕያዋኑ ያሉት ግን ጋምቤላ ነው፤ ለማንም ንጉሥ ያልተሰጡ፣ አንገታቸው ላይ ገመድ የሌለባቸው። እነርሱ ካለቁ፣ የልጅ ልጆቻችን የኑብያን ቀጭኔ ለማየት ባሕር ተሻግረው ወደ አገረ ገዥው ቤት መሄድ ይኖርባቸዋል። በዚያም የሚያገኙት ከዓባይ የተወሰደውን ግንድ ብቻ ነው።